ቅኔ ስቆጥር ያልመጣው ምስጢር ውኃ ስቀዳ ለምን ይመጣ ነበር?

ወይራ ሥር ጠየቀ፦

ሰላም ለዚህ መድረክ አባላት። ጥያቄዬ የሰው ልጅ አዲስ ሐሳብ ሲያፈልቅ በአእምሮው ውስጥ ምን እንደሚካሄድ የሚመለከት ነው፤ የምነሣው ግን ከራሴ ገጠመኝ ስለሆነ ጥቂት እንድተርክ ፍቀዱልኝ።

በልጅነቴ ጎጃም ውስጥ በአንድ የቅኔ ጉባኤ ቤት አራት ዓመት ያህል ተምሬአለሁ። የቅኔ ቤትን ልማድ ለማያውቅ አንባቢ ነገሩ እንዲህ ነው፦ ተማሪው የሌላውን ሰው ቅኔ አጥንቶ ቢያቀርብ እንደ ስርቆት ይቆጠርበታል፤ የሚጠበቅበት የራሱን አዲስ ቅኔ ይዞ መቅረብ ነው። ስለዚህ ከየጎጆአችን ወጥተን አንዳችን ከዛፍ ሥር፣ አንዳችን ከገደል አፋፍ፣ አንዳችን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጀርባ እንቀመጥና እንቆጥራለን። «መቁጠር» ስንል ምስጢሩን፣ ማለትም የቅኔውን ሐሳብ፣ ከግእዙ ቃል፣ ቃሉንም ከዜማው ልክ ጋር እያስማሙ በልብ መሥራት ማለታችን ነው፤ ብዕርና ወረቀት አይነካም። ሲያልቅ የኔታ ፊት ቀርበን እንነግራለን፤ እርሳቸውም እየሰሙ ያቀናሉ፣ አለዚያም ያፈርሳሉ።

እስከ ዛሬ ያልተፈታልኝ ነገር ይህ ነው። ብዙ ጊዜ ከወይራው ሥር ግማሽ ቀን ተቀምጬ ምስጢሩ አልመጣልኝ ይላል። ተስፋ ቆርጬ እነሣና ቅሌን አንጠልጥዬ ወደ ምንጩ ስወርድ፣ ወይም ቁራሽ ልለምን ወጥቼ ከአንድ ደጃፍ ላይ ውሻ እየተከላከልሁ ሳለሁ (እውነቴን ነው)፣ ሰሙና ወርቁ ተያይዘው ድንገት ከች ይላሉ። ጓደኞቼም እንዲሁ ይሉ ስለነበር ነገሩ የእኔ ብቻ አልነበረም።

ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ የማስታወቂያ ጽሑፍ በማዘጋጀት እተዳደራለሁ። አለቃዬ ከወንበሩ የተነሣ ሰው ሥራ የፈታ ይመስላቸዋል፤ ሐሳብ ካልመጣ ደግሞ «ተቀመጥና አስብ» ይላሉ። ባልደረቦቼ በበኩላቸው ፈጠራ ተሰጥኦ ነው፣ ያለው አለው፣ የሌለው የለውም ብለው ጉዳዩን ይዘጉታል። ስለዚህ ዘርፉን የምታውቁ ሁለት ነገር እንድታስረዱኝ እጠይቃለሁ። የውኃው መንገድ የሥራው አካል ነበር ወይስ አጋጣሚ? ሥራው የሚከናወነው በመንገድ ላይ ከሆነስ፣ ከወይራው ሥር የተቀመጥሁበት ያ ሁሉ ሰዓት ባክኗል ማለት ነው?

ጥቁር ሰሌዳ መለሰ፦

ወንድሜ፣ ጥያቄዎ ከመቶ ዓመት በላይ ሲጠና የኖረ ነው፤ እርስዎ ያነሡበት መንገድ ግን ብዙ የመማሪያ መጻሕፍት ከሚያነሡበት ይሻላል፤ ምክንያቱም ሁለተኛው ጥያቄዎ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚዘሉት ነው። ሥነ ልቦና የማስተምር ሰው ስለሆንሁ ትንሽ ብረዝም ይቅርታ አድርጉልኝ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1891 ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ የተባለው ጀርመናዊ የፊዚክስና የሥነ አካል ሊቅ 70ኛ ዓመቱ ሲከበርለት ባደረገው ንግግር፣ ጥሩ ጥሩ ሐሳቦች የሚመጡለት በጽሕፈት ጠረጴዛው ላይ ሳለ ወይም አእምሮው ደክሞ ሳለ ሳይሆን፣ ፀሐያማ በሆነ ቀን ደን የለበሰ ኮረብታ ቀስ ብሎ ሲወጣ እንደሆነ ተናግሮ ነበር። እንግሊዛዊው ግሬም ዋላስ በ1926 ይህንና መሰል ምስክርነቶችን ይዞ የፈጠራን ሥራ በአራት ደረጃ ከፈለው። እኔ ለተማሪዎቼ በአማርኛ ዝግጅት፣ ማሳደር፣ ብልጭታና ማጣራት እያልሁ አስተምራቸዋለሁ። «ማሳደር» የሚለውን ቃል የወሰድሁት ከሊጥ ነው፤ የተቦካ ሊጥ ማንም ሳይነካው አድሮ ኩፍ እንደሚል ሁሉ፣ በሚገባ የታሰበበት ጥያቄም ሰውየው ሌላ ነገር ሲሠራ ይበስላል የሚል ግምት ነው።

ከምስክርነቶቹ ሁሉ የታወቀው ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ አንሪ ፖንካሬ በ1908 በፓሪስ ባደረገው ንግግር ያቀረበው ነው። አሥራ አምስት ቀን ሙሉ በየዕለቱ ጠረጴዛው ላይ እየተቀመጠ አንድ ዓይነት የሒሳብ ተግባር (ፈንክሽን) ሊኖር እንደማይችል ለማረጋገጥ ሲታገል ቆየ። አንድ ምሽት ከልማዱ ውጭ ጥቁር ቡና ጠጣና እንቅልፍ አጣ፤ ሐሳቦቹ እርስ በርስ ሲላተሙ ካደሩ በኋላ፣ ሲነጋ የለም ያለው ነገር መኖሩን አረጋግጦ ነበር። (ቡናችን በሒሳብ ታሪክ ውስጥ ድርሻ አለው ብንል ብዙም አንዋሽም።) ከዚያ ከሚኖርበት ከካን ከተማ ለሥነ ምድር ጉዞ ወጣ፤ የጉዞው ሁኔታም ሒሳቡን አስረሳው። ኩታንስ ሲደርሱ በፈረስ በሚጎተተው የሕዝብ ሠረገላ ሊሳፈር እግሩን ከመወጣጫው ላይ ባሳረፈበት ቅጽበት፣ እነዚያ ተግባሮች የተሠሩበት ሽግግር ከኢዩክሊድ ውጭ ባለው ጂኦሜትሪ ውስጥ ካለው ጋር አንድ መሆኑ ታየው። ያን ጊዜ አላረጋገጠውም፤ ከጎኑ ካለው ሰው ጋር የጀመረውን ወግ ቀጠለ፣ ማረጋገጫውን የሠራው ወደ ካን ከተመለሰ በኋላ ነው።

እንግዲህ ሠረገላው የፖንካሬ የውኃ መንገድ ነበር ማለት ነው። ነገር ግን ሰው ስለ ራሱ የሚተርከውን ሁሉ መቀበል የለብንም። ብልጭታው በድንገት ስለሚመጣ ከአእምሮ አይጠፋም፤ ከዛፉ ሥር እየተቆጠረ በዝግታ የተሠራው ቅኔ ግን ይረሳል። ስለዚህ እርስዎ ከምንጩ መንገድ ላይ የመጡትን ዐሥር ቅኔዎች ሲያስታውሱ፣ ከወይራው ሥር የተሠሩትን መቶ ዘንግተው ሊሆን ይችላል። በዚህ ምክንያት ተመራማሪዎች ነገሩን በሙከራ መፈተሽ ግድ ሆነባቸው፦ ጥያቄ ይሰጣል፣ የተወሰነው ቡድን ሳያቋርጥ ይሠራል፣ ሌላው አቋርጦ ሌላ ነገር ሲያደርግ ቆይቶ ይመለሳል፣ ከዚያ ይነጻጸራሉ። ሲዮና ኦርሜሮድ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2009 እንዲህ ያሉ 117 ጥናቶችን አንድ ላይ ሰብስበው ሲመረምሩ፣ የማሳደር ጥቅም በእርግጥ እንዳለ አገኙ። ሁለት ዝርዝሮች ለእርስዎ ይጠቅማሉ። አንደኛ፣ ከማቋረጡ በፊት ረዘም ላለ ጊዜ የደከሙ ሰዎች የበለጠ ተጠቅመዋል። ሁለተኛ፣ በቃላት እንቆቅልሽ ረገድ፣ በዕረፍቱ ጊዜ ቀላልና አእምሮን የማያስጨንቅ ሥራ የሠሩት ሰዎች፣ ከባድ ሥራ ከተሰጣቸውም ሆነ ምንም ሳይሠሩ ከተቀመጡት ተሽለው ተገኝተዋል። ውኃ መቅዳት ይህን መግለጫ በትክክል የሚያሟላ ይመስለኛል።

ለምን እንዲህ ይሆናል ለሚለው እኔን የበለጠ የሚያሳምነኝ ማብራሪያ የሥነ ልቦና ተመራማሪው የስቲቨን ስሚዝ ነው። እንደ እርሱ አመለካከት ዋናው ችግር ሐሳብ አለመምጣቱ ሳይሆን የተሳሳተው ሐሳብ አስቀድሞ መጥቶ በሩን መዝጋቱ ነው። በ1962 ሳርኖፍ ሜድኒክ ፈጠራን የተራራቁ ነገሮችን የማገናኘት ችሎታ አድርጎ የሚያይ ፈተና አቅርቦ ነበር፤ ሦስት ቃላት ይሰጣሉ፣ ሦስቱንም የሚያገናኝ አራተኛ ቃል ይፈለጋል። በአማርኛ አንድ እንሞክር፦ ወለድ፣ ድካም፣ ሙሉ። ብዙ ሰው «ወለድ» ሲል ባንክ ይታየውና ብድር፣ ዕዳ፣ ቁጠባ እያለ ይንከራተታል፤ በገፋ ቁጥር ባንኩ ይበልጥ ይጎላበታል እንጂ አይለቀውም። ጥቂት ትቶት ሲመለስ ባንኩ ይደበዝዝና «ልብ» ብቅ ይላል፤ ልብ ወለድ፣ የልብ ድካም፣ ልበ ሙሉ። በዚህ ማብራሪያ መሠረት በውኃው መንገድ ላይ አእምሮዎ በስውር ይቆጥር ነበር ብለን ማመን የለብንም፤ የተጣበቀበትን ለቆ ሊሆን ይችላል፤ ያ በቂ ነው። ሌሎች ደግሞ ያልተፈታ ጥያቄ ያለበት ሰው በመንገዱ የሚያየውን ሁሉ በዚያ ጥያቄ መነጽር ስለሚያይ ነው ይላሉ። እስቲ ልጠይቅዎ፣ ወደ ምንጩ ሲወርዱ ይመጡልዎ የነበሩት ምስጢሮች ከውኃ፣ ከቅል፣ ከመንገድ ጋር የተያያዙ ነበሩ?

የሐሳብ መባዘን ራሱ ፈጠራን ያመጣል የሚለውን በሰፊው የሚነገር ነገር ግን በጥንቃቄ ያዙት። በ2012 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንታ ባርባራ የተደረገ አንድ ጥናት ሐሳብን የሚያባዝን ቀላል ሥራ ጥቅም እንዳለው ቢያሳይም፣ በኋላ የተነሡ ሌሎች ተመራማሪዎች ነገሩን ሲፈትሹ ያንኑ ውጤት አላገኙም።

ለሁለተኛው ጥያቄዎ መልሴ አጭር ነው። አልባከነም። ያልተቦካ ሊጥ ቢያድርም ቡሖ አይሆንም።

ባለ ደበሎ መለሰ፦

የሁለታችሁንም ጽሑፍ ደስ ብሎኝ አነበብሁ። እኔ ሥነ ልቦና አልተማርሁም፤ ቅኔ ግን ተምሬ ለብዙ ዘመን አስተምሬአለሁ፤ ስለዚህ አንተን ወይራ ሥርን ልጄ ልበልህና አንድ ነገር ላርምህ። ውኃ ስትቀዳ የመጣልህ ምስጢሩ ነው እንጂ ቅኔው አይደለም። ምስጢሩ መጣ ማለት ቅኔው ተቆጠረ ማለት አይደለም። ከዚያ በኋላ ግሱን ማውረድ፣ አገባቡን ማስማማት፣ ቃሉን ከዜማው ልክ ጋር ማገጣጠም፣ ሰሙ ወርቁን እንዳይጥልበት ማመዛዘን አለ። ይህን ሁሉ ያደረግኸው ተመልሰህ ከወይራው ሥር ተቀምጠህ ነው፤ ጠይቅ ልብህን።

ሌላም አለ። ምስጢሩ ወደ አንተ የመጣው ለምንድን ነው? በዚያው ምንጭ ውኃ ለመቅዳት የሚወርዱ የመንደሩ ሰዎች ነበሩ፤ ለእነርሱ የግእዝ ቅኔ አልመጣላቸውም። አንተ የግስ ክምችት ነበረህ፤ አንዱ ግስ ከአንድ በላይ ትርጉም እንዳለው ታውቃለህ፣ የኔታ ቅኔ ሲዘርፉ ሌሊት ሰምተሃል፣ የሰማኸውንም ሰሙን ከወርቁ ለይተህ ከጓደኞችህ ጋር ተከራክረህበታል። ጎተራው ባይሞላ ኖሮ ምንጩ ምንም ባላቀበለህ። ሰው አእምሮ ይከፍታል ስለሚባለው መጠጥ ስለ አብሾ ሲያወራ እሰማለሁ፤ ጠጥተው ቅኔ ተገለጠላቸው ስለተባሉ ሰዎች ብዙ ተረት ሰምቻለሁ፤ እኔ በዓይኔ ያየሁት ግን ጠጥቶ አእምሮው የታወከውን ነው። ለተማሪዎቼ ስነግር የኖርሁት አብሾህ ግስህ ነው እያልሁ ነው።

ሦስተኛው ነገር ለመምህሩ ለጥቁር ሰሌዳ ነው። ስለ ልኩ ምንም አላሉም። በቅኔ ቤት ጀማሪ ከጉባኤ ቃና ይነሣል፤ ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት፣ ማለትም ሁለት መስመር፣ ብቻ ነው። ከዚያ በዘአምላኪየና በሚበዝኁ፣ በዋዜማና በስድስት ቤቱ ሥላሴ እያለ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ይወጣል። ለማያውቅ ሰው ጀማሪ ትንሽ ስለሚሰጠው የሚቀለው ይመስላል፤ ነገር ግን በሁለት ቤት ውስጥ ሰምና ወርቅ አግብቶ መውጣት ጠባብ ጎጆ ውስጥ በሬ እንደማዞር ነው። የሚገርመው ግን ተማሪውን የፈለግኸውን በፈለግኸው ርዝመት ተናገር ብትለው አፉ ይያዛል፤ ልክ ስትሰጠው ይናገራል። የዋሸራ፣ የዋድላና የጎንጅ ቤቶች በአካሄዳቸው ይለያያሉ፤ ልክ የሌለው ቅኔ የሚያስተምር ቤት ግን አልሰማሁም። በእናንተ ትምህርት ይህ እንዴት ይታያል?

ጥቁር ሰሌዳ መለሰ፦

አባቴ፣ ስለ እርማቱ አመሰግናለሁ፤ ዋላስ ማጣራት ያለውን ክፍል ከእኔ በተሻለ ገልጸውታል። ስለ ልክ የጠየቁት ደግሞ በእርግጥ የተጠና ነገር ነው። በ2017 ሆት ትሮምፕ የተባለች በአሜሪካ የራይደር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ተማሪዎች ለልደትና ለመሳሰለው አጋጣሚ ባለ ሁለት መስመር ቤት የሚመታ ግጥም እንዲጽፉ አደረገች፤ አንዳንድ ጊዜ በነጻ፣ አንዳንድ ጊዜ የግድ መግባት ያለበት ቃል ተሰጥቷቸው። ግዴታ ያለባቸው ግጥሞች የበለጠ ፈጠራ የታየባቸው ሆነው ተገኙ። ሁለት መስመር መሆኑን ሳነብ ጉባኤ ቃና ትዝ ብሎኝ ስቄአለሁ። ማብራሪያው ሰፊ ሜዳ የተሰጠው ሰው ሁሉም ወደሚሄድበት የተለመደ መንገድ ይሄዳል፤ ያ መንገድ ሲዘጋበት ግን ያልረገጠውን ለመፈለግ ይገደዳል የሚል ነው። ሰምና ወርቅ ደግሞ በራሱ የሜድኒክን ትርጓሜ የሚያሟላ ነው፦ በአንድ ቃል ሁለት የተራራቁ ዓለማት ይታሰራሉ። ተማሪው በየዕለቱ ይህንኑ እንዲያደርግ የሚገደድበት ትምህርት ቤት በሌላ አገር ብዙ ያለ አይመስለኝም፤ ይሁንና የፈጠራ ሥነ ልቦና መጻሕፍት ስለ ቅኔ ቤት ሲጽፉ አላየሁም። ዘርፉ ራሱ ዘግይቶ ነው የነቃው፤ ጊልፎርድ በ1950 የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኖ ሲናገር፣ ባለፉት 23 ዓመታት ከተመዘገቡት ወደ 121,000 የሚጠጉ የጥናት ርእሶች መካከል ፈጠራን የሚነኩት 186 ብቻ መሆናቸውን ቆጥሮ ነበር።

ክራርና ማሲንቆ መለሰ፦

እስካሁን የተባለው ሁሉ ለሚያሳድር ሰው ነው። አዝማሪውስ? ከፊቱ የተቀመጠው እንግዳ ግጥም ይሰጠዋል፣ ወይም ስሙንና ሥራውን ብቻ ይነግረዋል፤ እርሱም ማሲንቆውን ሳያቋርጥ እዚያው ቤት የሚመታ ስንኝ መመለስ አለበት። ውኃ ሊቀዳ አይወርድም። ሊጥ የማሳደር ነገር እዚህ ላይ እንዴት ይሠራል? ወይስ የአዝማሪው ፈጠራ አይባልም?

ጥቁር ሰሌዳ መለሰ፦

ፈጠራ ነው፤ ሌላ ዓይነት ነው እንጂ። በ2008 ሊምና ብራውን የተባሉ ተመራማሪዎች ስድስት የጃዝ ፒያኖ ተጫዋቾችን የአንጎል መመልከቻ መሣሪያ ውስጥ አስተኝተው፣ አንድ ጊዜ የተጠና ዜማ፣ ሌላ ጊዜ እዚያው የሚፈጥሩትን እንዲጫወቱ አደረጓቸው። በሚፈጥሩበት ጊዜ ራስን ከመቆጣጠርና ከማረም ጋር የሚያያዘው በግንባር በኩል ያለው የአንጎል ጎን እንቅስቃሴው ቀነሰ፤ ራስን ከመግለጽ ጋር የሚያያዘው መካከለኛው ክፍል ጨመረ። ስድስት ሰው ጥቂት ነው፤ ብዙ መደምደሚያ አይሸከምም። ሆኖም አዝማሪው ማጣራቱን ትቶ ወደ ብልጭታው ያደላል ከሚለው ግምት ጋር ይስማማል። ዝግጅቱን ግን አልዘለለውም፤ ያዘጋጀው ከዓመታት በፊት ነው። ሊጡ ያደረው በዕድሜው ሙሉ ነው ማለት ይቻላል። አንዳንዴ የሚሰማው ስንኝ ደከም ያለ ቢሆንም አድማጩ ይቅር ይለዋል፤ ቅኔ ነጋሪውን ግን የኔታ ይቅር አይሉትም።

ወይራ ሥር መለሰ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ለመምህሩ ጥያቄ፦ አዎን፣ አሁን ሳስበው ከውኃና ከጥም ጋር የተያያዙ ብዙ ነበሩ፤ ከውሻ ጋር የተያያዘም አንድ አለ። ባለ ደበሎ አባቴ ያሉትም ልክ ነው፤ ከምንጩ ተመልሼ ከወይራው ሥር እቀመጥ ነበር፤ ያን ክፍል ረስቼው ኖሯል።

አንድ ነገር ልጨምር። መሥሪያ ቤታችን በየሳምንቱ የሐሳብ ማፍለቂያ ስብሰባ ያካሂዳል። ዐሥር ሰው ጠረጴዛ ከብቦ ያሰበውን ሁሉ ሳይፈራ እንዲናገር ይጠየቃል፣ ለተመረጠው ሐሳብም ጉርሻ አለ። እኔ በዚያ ስብሰባ ላይ ድንጋይ እሆናለሁ። ጓደኞቼ ደግሞ አፍ አላቸው። ችግሩ ከእኔ ነው ወይስ ከስብሰባው?

ጥቁር ሰሌዳ መለሰ፦

በአብዛኛው ከስብሰባው ነው። ይህን አሠራር ያስፋፋው አሌክስ ኦስቦርን መሆኑን ሲሰሙ ይስቁ ይሆናል፤ የእርስዎው ሙያ ሰው ነበር፤ ከታላላቆቹ የአሜሪካ የማስታወቂያ ድርጅቶች አንዱን ከመሠረቱት መካከል ነው፤ በ1953 ባሳተመው መጽሐፍ በቡድን ሆኖ ያለ ነቀፋ ሐሳብ ማዝነብ የሐሳቡን ቁጥር እጅግ እንደሚያበዛ ጻፈ። በ1958 ግን በዬል ዩኒቨርሲቲ ቴይለር፣ ቤሪና ብሎክ ይህንኑ ፈተኑት። አራት አራት ሆነው አብረው የሠሩ ሰዎችን፣ ለየብቻቸው ሠርተው ውጤታቸው በኋላ ከተደመረላቸው አራት አራት ሰዎች ጋር አነጻጸሩ። ለየብቻ የሠሩት ብዙ ሐሳብ አመጡ፤ ጥሩ ሐሳብም ከእነርሱ ዘንድ በረከተ። ዲልና ሽትሮበ በ1987 ምክንያቱን ሲፈልጉ፣ ዋናው ችግር ፍርሃት ወይም ስንፍና ሳይሆን ተራ መጠበቅ መሆኑን አሳዩ፦ አንዱ ሲናገር ሌላው ወይ የራሱን ሐሳብ እንዳይረሳ ይዞ ይቆያል፣ ወይ የሚሰማው ነገር የጀመረውን ያስጥለዋል። ዐሥር ሰው በአንድ ወይራ ሥር ተቀምጦ ጮክ ብሎ ሲቆጥር ያስቡት።

ስለዚህ ለአለቃዎ ሊያቀርቡት የሚችሉት ነገር ስብሰባውን ማስቀረት ሳይሆን ማዘግየት ነው። ጥያቄው ከአንድ ቀን በፊት ይሰጥ፤ እያንዳንዱ ሰው ለብቻው ጽፎ ይምጣ፤ ስብሰባው የሚያፈልቅ ሳይሆን የሚያጣራ ይሁን። መራመድን በተመለከተም ማስረጃ አለዎት። በ2014 ኦፔዞና ሽዋርትዝ በስታንፎርድ ባደረጉት ጥናት፣ ለአንድ ዕቃ የተለያየ አገልግሎት ፈልጉ የተባሉ ሰዎች ሲራመዱ ከተቀመጡበት ይልቅ ብዙ አዲስ ሐሳብ አመጡ፤ ባዶ ግድግዳ ፊት ለፊት በመሮጫ ማሽን ላይ የተራመዱትም ጭምር። አንድ ትክክለኛ መልስ በሚፈልገው የሦስት ቃላት ፈተና ግን መራመዱ አልረዳም፤ እንዲያውም በጥቂቱ ጎዳ። ተነሥቶ መሄድ ለማፍለቅ፣ መቀመጥ ለመምረጥ ነው ብለው ይያዙት።

ስለ ጉርሻው ነገሩ ያከራክራል። ቴሬሳ አማቢሌ በ1985 ባወጣችው ጥናት 72 ወጣት ጸሐፊዎች አጭር ግጥም እንዲጽፉ አደረገች፤ ከዚያ አንዱ ቡድን ሰው በገንዘብ፣ በዝናና በመሳሰለው ምክንያት እንደሚጽፍ የሚዘረዝር ወረቀት ለጥቂት ደቂቃ እንዲያይና በደረጃ እንዲያስቀምጥ ተደረገ። ገንዘብ አልተሰጣቸውም፤ እንዲያስቡት ብቻ ነው የተደረገው። በዚያን ጊዜ የጻፉትን ሁለተኛ ግጥም ገጣሚ ዳኞች ሲመዝኑት ከሌሎቹ ያነሰ ፈጠራ አገኙበት። በተቃራኒው ሮበርት አይዘንበርገርና ባልደረቦቹ ሽልማቱ በግልጽ ለአዲስነት የተሰጠ እንደሆነ እንደሚረዳ የሚያሳይ ማስረጃ አቅርበዋል። እኔ ወደ አማቢሌ አደላለሁ፤ ጉርሻውን ግን ከሰጡዎት አይመልሱ።

ባለ ደበሎ መለሰ፦

መምህሩ ደኅና ተናግረዋል። በጉባኤ ቤታችንም ተማሪው ለብቻው ይቆጥራል፤ አንድ ላይ የምንሰበሰበው ለመስማትና ለማረም ነው። ልጄ፣ ያን ከውሻው ደጃፍ ላይ የመጣልህን ጉባኤ ቃና ካስታወስኸው ጻፍልንና እንየው።

ወይራ ሥር መለሰ፦

አባቴ፣ ሁለተኛውን ቤት የኔታ አፍርሰውብኝ ነበር፤ «ወርቁ እዚህ ላይ ሰሙን ነክሶታል» ብለው እየሳቁ። እንደገና ቁጠረው አሉኝ፤ ዐሥር ቀን ያህል ደጋግሜ ሞከርሁት፣ ከዚያ ዓመታዊው በዓል ደረሰና ተውሁት። ስለዚህ አሁን በእጄ ያለው የመጀመሪያው ቤት ብቻ ነው። ነገ በምሳ ሰዓት ከቢሮው ወጥቼ እስከ አራት ኪሎ በእግሬ እሄዳለሁ፤ ከቀናኝ ሁለቱንም ጽፌ እመለሳለሁ።